ማስተካከያ፦ በተከታታይ የተያያዙ ባትሪዎች

ስለ ቮልት፣ አምፒርና ዋት ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት (ባትሪው ስንት አምፒር ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የሚለካበት) ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ «24 ቮልትና 200 አምፒር-ሰዓት» ይሰጣሉ ብለን ነበር። ስህተት ነው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ሲገናኝ የሚደመረው ቮልቱ ብቻ ነው፤ አምፒር-ሰዓቱ እዚያው 100 ላይ ይቀራል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲሆን ደግሞ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙት፤ በሁለቱም መንገድ የተከማቸው ጉልበት 2,400 ዋት-ሰዓት ነው። ሽቦ በማቀያየር ብቻ ጉልበት ከየት ይመጣል?

ልዩነቱ ሽቦው ላይ ነው። 240 ዋት የሚወስድ መሣሪያ በ12 ቮልት 20 አምፒር ይስባል፣ በ24 ቮልት ግን 10 ብቻ። አምፒሩ በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ሽቦ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

በእኛ ቁጥር ተመርታችሁ ባትሪው የሚቆይበትን ሰዓት ያሰላችሁ፣ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ውጤቱን ለሁለት አካፍሉት።