ፓፓድ በውጭ አገር ኩሽና፣ ፓፓድ በአገር ቤት ግቢ

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ በለንደንም ሆነ በዱባይ፣ ቅመም ያለቀበት ሐበሻ መጨረሻው የህንድ ሱቅ ነው። አብሹ፣ እርዱ፣ ከሙኑ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ እዚያ አይጠፋም። ከቅመሙ መደርደሪያ አጠገብ በፕላስቲክ የታሸጉ፣ ክብ፣ ስስ፣ እንደ ካርቶን የደረቁ ቂጣዎች ተደራርበው ይታያሉ። ፓፓድ ይባላሉ። የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገቡ በ5 ሰከንድ ተነፋፍተው፣ ሰፍተው፣ ለጥርስ ኮሽ የሚሉ ሆነው ይወጣሉ። ሥራቸው ከጥራጥሬ ስለሆነ ለጾም ገበታ ይመቻሉ፤ ከስልጆና ከአዋዜ ጋር ደግሞ በጣም ይስማማሉ።

ገዝቶ መጥበስ ቀላል ነው። ከዱቄቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ መሥራት ግን የአገር ቤትንና የውጭ አገርን ኑሮ ልዩነት ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ውጭ አገር ዕቃው ሁሉ በአንድ ሱቅ ይገኛል፤ የሚጠፋው ፀሐይና እጅ ነው። አገር ቤት ፀሐዩም እጁም ሞልቷል፤ የሚጠፋው ዕቃው ነው። ሥራው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በጎደለው በኩል ነው።

በህንድ ይህ ሥራ የሚሠራው ሙቀቱ በበረታባቸው ወራት፣ የሰኔው ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ነው። የአንድ መንደር ሴቶች ተሰብስበው አንዷ ታሻለች፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ ሌሎቹ ይዳምጣሉ፤ ልጆች በጣሪያ ላይ ያሰጣሉ። የዓመቱ ቀለብ እንዲህ ይዘጋጃል። የኛ እናቶች በርበሬ ቀንጥሰው፣ ደልኸው፣ አስጥተው ከክረምቱ በፊት የሚጨርሱትን ሥራ ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ክረምቱ እንኳ ለሁለቱም አገር በሰኔ ይገባል።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን፣ ሙምባይ ውስጥ ጊርጋዎም በሚባል ሰፈር ሰባት ሴቶች 80 ሩፒ ተበድረው ፓፓድ ለገበያ መሥራት ጀመሩ። ያ ሥራ ዛሬ ሊጃት ፓፓድ የሚባለው የሴቶች ማኅበር ነው፤ አባላቱ ከ40,000 በላይ ናቸው፤ እርስ በርስ የሚጠራሩትም «እህት» እየተባባሉ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ጃስዋንቲቤን ፖፓት በ2021 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ክብር ተቀብለዋል። አሠራሩ ሊኮረጅ የሚገባው ነው፦ ሊጡ በማዕከል ይታሻል፣ እህቶቹ ጠዋት መጥተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ ቤታቸው ዳምጠውና አድርቀው በማግሥቱ ይመልሳሉ፣ በሠሩት ኪሎ ይከፈላቸዋል። የሊጡ ጥራት አንድ ቦታ ላይ ይጠበቃል፤ እጅ የሚፈጀው ሥራ ደግሞ ሴቲቱን ከልጆቿ አይለያትም። ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው በመንገደኛ ሻንጣ ወደ ውጭ የሚልኩ እናቶቻችን ያንኑ ያህል ሙያ አላቸው። የእነሱ ድካም ግን እስካሁን በአብዛኛው የሚቆጠረው እንደ ዘመድ ውለታ ነው፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ወደ ሊጡ እንምጣ።

ለ60 ያህል ፓፓድ የሚበቃው ይህ ነው፦ 500 ግራም የኡራድ ዱቄት፣ 10 ግራም ሸርከት ተደርጎ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ 5 ግራም ከሙን፣ 12 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሂንግ፣ 7 ግራም ፓፓድ ካር፣ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ኡራድ የማሾ ዘመድ ነው፤ ቅርፊቱ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ። ዱቄቱ ሲታሽ የሚያጣብቅ ሙጫ አለው፤ ሊጡ ሳይቀደድ እንደ ወረቀት የሚሳሳውም በዚህ ነው። ሂንግ ከኢራንና ከአፍጋኒስታን የሚመጣ ሽታው የሚከብድ የተክል ሙጫ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ስንዴ የማይስማማው ሰው ጽሑፉን ያንብብ።

ካር የሚባለው ነገር ሰው የሚንቀው፣ ግን ሥራውን ሁሉ የሚወስነው ነው። የሶዳ ጨው ነው፤ ሊጡን ያጠነክራል፣ ሲጠበስ እንዲነፋና ተሰባሪ እንዲሆን ያደርጋል። ሲያንስ ፓፓዱ ሳይነፋ ይደርቃል፤ ሲበዛ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ዘይት ውስጥም ይቀላል። ያልተጣራ ካር አሸዋ አለው። ስለዚህ ከጨው ጋር ውሃው ውስጥ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከጠለለ በኋላ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል።

ካር ከሌለ ተራው ቤኪንግ ሶዳ ይተካዋል፤ መጀመሪያ ግን በምድጃ ይደርቅ። 100 ግራም ሶዳ በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ተነጥፎ በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ሰዓት ይቆያል። ሲወጣ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ወደ 63 ግራም ከወረደ ተለውጧል ማለት ነው፤ ካልወረደ ተመልሶ ይግባ። ከዚህኛው ለ500 ግራም ዱቄት 5 ግራም ይበቃል። ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በእርጥብ እጅ አይነካም፣ በአሉሚኒየም ዕቃ አይቀመጥም፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ከአብያታ ሐይቅ የሚወጣው ሶዳ አሽ በኬሚስትሪው ያው ነው፤ ነገር ግን ለፋብሪካ የተመረተ እንጂ ለምግብ የተጣራ አይደለምና ወደ ሊጥ አይግባ።

ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል፣ ቅመሙ ይደባለቃል፣ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ሁለት መቶው ሚሊ ሊትር ሁሉ መግባት የለበትም፤ 180 ላይ ቆም ብሎ ማየት ነው። ሊጡ ለዳቦ ከሚሆነው እጅግ የጠነከረ፣ እጅ የሚያደክም መሆን አለበት። የለሰለሰ ሊጥ ሲዳመጥ ደስ ይላል፣ ሲደርቅ ግን ይጨማደዳል። ግማሽ ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይረፍ።

ከዚያ ይወቀጣል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ፓፓዱ የሚሰነጠቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በሙቀጫ ወይም በጠንካራ ሰሌዳ ላይ፣ ዘይት እየተቀባ፣ እየታጠፈ፣ በዘነዘና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይመታል። መጀመሪያ ግራጫ የነበረው ሊጥ እየነጣ ይመጣል፤ ቆንጥረው ሲስቡት ቶሎ ከመበጠስ ይልቅ እንደ ማስቲካ መሳብ ሲጀምር ደርሷል። በአፓርትመንት ይህ የታች ቤት ጎረቤት የሚያስቆጣ ድብደባ ነው። ወፍራም ፎጣ ከሰሌዳው ሥር ይነጠፍ፣ ሥራውም ቀን ይሁን። አገር ቤት ሙቀጫ በየቤቱ አለ፤ ግን የበርበሬ ሙቀጫ መሆን የለበትም።

የተወቀጠው ሊጥ እንደ ዱላ ተድቦልቡሎ በክር ይቆረጣል። ክሩ ከሥሩ ተጠምጥሞ ሁለቱ ጫፍ ሲሳብ፣ ቢላ እንደሚያደርገው ሳይጨፈልቅ እኩል ይቆርጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 12 ግራም ይሁን፤ ዘይት ተቀብቶ ይሸፈን፤ የሚወጣው አንድ በአንድ ብቻ ነው። መዳመጫው ቀጭን ቢሆን ይሻላል። ቁራጩ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲደርስ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጋዜጣ ላይ ቢያነጥፉት ፊደሉ ጥላ ሆኖ ይታያል። መሐሉ ወፍሮ ከቀረ ጠርዙ ሲያር መሐሉ ጥሬ ይሆናል፤ ስለዚህ መዳመጫው ከመሐል ወደ ዳር ይሂድ። ዱቄት መነስነስ ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ ዘይት ውስጥ ረግፎ ያራል፣ ዘይቱንም ያጠቁራል።

አሁን ማድረቅ። ስልሳው ሲነጠፍ የአንድ ሰው አልጋ የሚያህል ቦታ ይፈልጋል፤ የውጭ አገር ኩሽና የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች መፍትሔ ብለው ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል። ምድጃው ከጋለ ላይኛው ገጽ ቀድሞ ይደርቅና እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል፤ የዚያ ዓይነቱ ፓፓድ እዚህም እዚያም አረፋ አውጥቶ መሐሉ ቆዳ ይሆናል፣ ቢቀመጥም ይሻግታል። የሚሻለው ቬንትሌተር ነው፦ ሽቦ ላይ ወይም ንጹሕ አንሶላ ላይ ተነጥፎ፣ ነፋሱ በላዩ እያለፈ፣ በየሰዓቱ እየተገለበጠ። በዋሽንግተን አካባቢ የሐምሌ አየር በእርጥበት የከበደ ነው፤ ይልቅ በብርዱ ወራት ማሞቂያው የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው ያ ጊዜ ይመረጣል። በረዶ እየጣለ ፓፓድ ማድረቅ ለህንድ አያቶች ግራ ሊሆን ይችላል፤ ግን ይሠራል።

አገር ቤት ስጋቱ የተገላቢጦሽ ነው። የጥር ፀሐይ ስሱን ሊጥ በደቂቃዎች ጠርዙን አድርቃ ታጥፈዋለች፤ የታጠፈ ደግሞ አይቃናም፣ ይሰበራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥላ፣ እንደ ቋንጣ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ። ሰፌድ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ ቢሰጣ ከሥርም አየር ያገኛል። ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲነካ ግን የማይጣበቅ ሲሆን ይሰበሰብና ተደራርቦ ከሰሌዳ በታች ክብደት ተጭኖበት ያድራል። እርጥበቱ በመሐልና በጠርዝ እኩል የሚሆነው በዚህ ሌሊት ነው። በማግሥቱ ለአጭር ጊዜ ፀሐይ ቢያገኝ ይበቃዋል።

መድረቁን በእጅ መገመት ለለመደ ነው። ላልለመደ ሚዛን አለ፦ 10 ፓፓድ እርጥብ ሳለ 120 ግራም ከነበረ 92 ግራም ገደማ ሲደርስ ልክ ነው። 100 ላይ ከተቀመጠ ይሻግታል። 85 ከወረደ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ሲነካ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ውስጥም የሚያነፋው እንፋሎት ስለሌለው ሳይነፋ ይቀራል።

አገር ቤት ኡራድ ካልተገኘ ማሾ አለ፤ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚመረተው። በህንድም የማሾ ፓፓድ የታወቀ ነው። ተከክቶ፣ ቅርፊቱ በሰፌድ ተበጥሮ፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ወፍጮው ከዚያ በፊት የፈጨው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በርበሬ ከተፈጨበት ፓፓዱ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ማሾ የኡራድን ያህል ሙጫ ስለሌለው ሲዳመጥ ጠርዙ ይቀደዳል፤ 12ቱ ግራም 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም ይሻላል። ውጭ አገር ያለ ሰው ግማሽ በግማሽ ቢቀላቅል የተሻለ ያገኛል። ሽሮ ግን አይሞከር፤ እህሉ የተቆላ ስለሆነ ሊጡ አይያያዝም። ቁንዶ በርበሬው ከቴፒ ከመጣ ጥሩ ነው።

አበሳሰሉ እንደ አገሩ ይለያያል። በደቡብ ህንድ ያሉት ኬራላዎች በዘይት ይጠብሱታል፣ ከሩዝ ጋር ይበሉታል፤ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በኬራላ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ይህ ነው። ሰሜኖቹ በእሳት ላይ መለብለብ ይወዳሉ። በእንግሊዝ ደግሞ ገና ምግብ ሳይታዘዝ ቸትኒ ከሚባለው ማባያ ጋር ይቀርባል፤ ህንድ ውስጥ ግን በአብዛኛው የገበታው አጃቢ ነው። ዘይቱ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን፤ ቁራሽ ሲጣል ወዲያው ተነፍቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ከ170 በታች ከሆነ ዘይት ጠጥቶ ይከብዳል። በጋዝ እሳት ለሚለበልብ በመቆንጠጫ ይዞ ሳያቋርጥ ማዟዟር ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ላለው ማይክሮዌቭ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ፣ መሐል ላይ አንዴ ገልብጦ። ዘይት የለውም፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውንም አያስጮኽም።

የደረቀው ፓፓድ አየር በማያስገባ ጣሳ፣ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። ለዘመድ የሚላከውም ጥሬው ነው፦ በየአሥሩ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከላይና ከታች ካርቶን ተደርጎበት፣ ሻንጣ ውስጥ በልብስ መሐል። ተጠብሶ ከተላከ ዱቄት ሆኖ ይደርሳል።