የቅዳሜ ክልከላ

ክርክሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። አንድ ወዳጃችንን የልጁ ነገር አስጨንቆታል። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ነው። ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ይንተባተባል፣ ውጤቱም ወርዷል። ለከርሞ ደግሞ ሚኒስትሪ አለ። "እስኪያሻሽል ድረስ ቅዳሜን ከልክዬዋለሁ" አለን።

ቅዳሜ ማለት ሱባ ነው። የሚስቱ አጎት በመናገሻ ሱባ ጫካ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም እግራቸው ከጫካው አልወጣም። ልጁን ይዘው የወጨጫን ተራራ ሲወጡ ይውላሉ።

"ደግ አደረግህ" አለች አንዷ። የራሷን ልጆች በአስጠኚ ያሳለፈች ናት። "ጉሬዛ ማየት ፈተና አያሳልፍም። መጀመሪያ ውጤት፣ ከዚያ ሽርሽር።"

ጡረተኛዋ መምህርት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "እዚያ ምን እንደሚማር ጠይቀኸዋል?"

አባትየው ሳቅ አለ። ሰሞኑን ልጁ እራት ላይ ስለ ኮሶ ሲያስረዳቸው አምሽቷል። ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ መሆናቸውን፣ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው አበባ የሴቴው እንደሆነ፣ ለመድኃኒት የሚፈለገውም እሱ እንደሆነ። ጥዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው እንደሚባልም ጨመረላቸው። "አንዴም አልተንተባተበም" አለ አባትየው፣ እንደ ዋዛ።

"እንግዲህ!" አሉ መምህርቷ።

"እትዬ፣ ኮሶ ሚኒስትሪ ላይ አይመጣም" አለች ያችኛዋ። (ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር።)

እሷም አልተሳሳተችም። ልጁ ንባብ የሚያለማምደው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያንን ጫካ አይሠራለትም። እኔ ግን ወደ መምህርቷ አደላሁ። እኛ ልጅ ስናገኝ ከሰላምታ ቀጥሎ "ስንተኛ ወጣህ?" ነው የምንለው። ሽማግሌው ይህን አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም አሉ። ከፊት አስቀድመው መንገዱን እሱን ያስመሩታል። ሲሳሳት እዚያው ቆመው፣ ራሱ አይቶ እስኪመለስ ይጠብቁታል። ከሰኞ እስከ አርብ እንዲህ የሚጠብቀው ሰው ያለው አይመስለኝም።

ስለዚህ አስጠኚው በአዘቦት ቀን ይምጣለት። ቅዳሜ ግን ከውጤት ጋር ከታሰረ ሽማግሌውም እንደ አንድ ፈታኝ መታየታቸው ነው። አባትየው "አስብበታለሁ" ብሎ ተነሳ። ክልከላውን የሚያነሳ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ ያንሳው፤ ዝናብ ከጀመረ ወጨጫ ጭቃ ነው።