ስለ ቪላንድሪ የአትክልት ስፍራ አንድ እርማት

በፈረንሳይ የሎዋር ሸለቆ ስለሚገኘው የቪላንድሪ ግንብ ሲጽፉ፣ የአትክልት ስፍራው «ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ» እንደሆነ መግለጽዎ ብዙ ጎብኚዎች የሚደግሙት፣ ግን ትክክል ያልሆነ አባባል ነው። ግንቡን በእርግጥ የንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ የገንዘብ ሹም የነበሩት ዣን ለ ብረቶን በዚያው ክፍለ ዘመን አሠርተውታል፤ የቀድሞው የአትክልት ስፍራ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቶ ቦታው በእንግሊዝ ስልት የተዘጋጀ መናፈሻ ሆኖ ነበር። ዛሬ የምናየውን፣ ጎመኑና ዱባው በዘጠኝ አራት ማዕዘን መደቦች ላይ እንደ ጥልፍ የተደረደረበትን ስፍራ ያስተከሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ንብረቱን የገዙት የስፔን ተወላጁ ሐኪም ዮአኪም ካርቫዮ ሲሆኑ፣ ለሥራቸውም የጥንት ንድፎችን መርምረዋል። አትክልቱ ራሱማ (ይህን ጎብኚው ልብ አይለውም) በዓመት ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ይተከላል።