ሐኪም ዘንድ ሄዷል በያቸው

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣው የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ገና ቡና ሳይቀርብለት "ሐኪም ጋራ ላይ ማማ ተሠርቶ መውጫው ቢከፈልበት ሐረር በዶላር ትጥለቀለቅ ነበር" አለኝ። ተራራው ራሱ ማማ አይደለም ወይ? በካፖርት ላይ ካፖርት መደረብ ሆነብኝ። ቢሆንም አብሬው ለመውጣት አላንገራገርኩም፤ የዚያን ዕለት የእቁባችን ሰብሳቢ ሊመጡብኝ ነበር። ባለቤቴን "ሐኪም ዘንድ ሄዷል በያቸው" አልኳት። ከዚህ የበለጠ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከላይ ሲታይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ የተቀላቀለበት የሐረር ስፌት ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ግን ስሜት አልሰጠውም፤ 368 የሚባሉትን ጠባብ መንገዶች ሊቆጥር መጥቶ አንድም አጣ።

"መንገዶቹ የታሉ?"

"ታች፣ በግንቦቹ መሀል።"

"አየህ፣ ማማ ቢኖር ይታዩ ነበር!"

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ኤሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን በግንብ ያጠሩት፣ አምስቱም በሮች ሌሊት ይዘጉ የነበሩት ለጌጥ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. የመጣው እንግሊዛዊው አሳሽ በርተን እንኳ በር ላይ ቆሞ ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። ቤቱም ቢሆን ጀርባውን ለመንገድ፣ ፊቱን ለግቢው ሰጥቶ ነው የተሠራው። ይህን ያህል የተደከመበትን ገመና በቲኬት ልንሸጠው? ደግሞ ቲኬቱን የሚገዛው ፈረንጁ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጎረቤቱን ግቢ ለማየት ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው እኔ ራሴ አውቃለሁ።

መነጽሩ ሲደርሰኝ ሚናሬት አላየሁም፣ የኤረርን ሸለቆም አላየሁም። በቀጥታ ከቡዳ በር ወጣ ብሎ ያለውን የራሴን ደጃፍ ፈለግሁ። ሰብሳቢው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስኒ ይዘዋል። ስንተኛው ቡና እንደሆነ ባይታወቅም ከአቀማመጣቸው በረካ ሳይጠጡ የሚነሱ አይመስሉም። አንድ ነገር ጠየቁ መሰለኝ፣ ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ወደ ተራራው አመለከተች። ከእኔም የባሰች እውነተኛ ናት! ሰውዬው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቀና አሉና ፊት ለፊት አዩኝ።

ዘልዬ ከአክስቴ ልጅ ጀርባ ተሸሸግሁ። እሱ ደግሞ ቀጭን ነው።

"ለመሆኑ ያ ማማ" አልኩት አጎንብሼ፣ "ወፍራም ምሰሶ ይኖረዋል?"