ጋዝ አልቋል

ድሬዳዋ የገባሁት ግንቦት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ስነሳ ጃኬት ለብሼ ነበር። አዋሽን ስናልፍ ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩት። በሳምንቱ የት እንደጣልኩት ረሳሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያደገ ሰው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያወልቀው ልብሱን ነው። ቀጥሎ ኩራቱን ያወልቃል። በሁለተኛው ሳምንት ሽርጥ አገለደምኩ።

ሳቢያን ሰፈር የተከራየሁት ቤት ኤሲ አለው። አከራዬ ቤቱን ሲያሳዩኝ ከኩሽናውም ከሽንት ቤቱም በፊት ያሳዩኝ እሱን ነው። ልጃቸውን እንደሚድሩ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኸውልህ» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁት። አናቱ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፤ እሱ ከማን ያንሳል? ችግሩ ኤሲ አየር የሚስበው በአናቱ መሆኑ ነው። ሪሞቱም ከነፋብሪካ ላስቲኩ ነው ያለው። ላስቲኩ ከመቆየቱ የተነሳ ቁጥሮቹ አይታዩም። ቢሆንም ላስቲኩን መቅደድ እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

ኤሲ ያለው ሰው ድሬ ላይ ዘመዱ ብዙ ነው። ከምሳ በኋላ በር ይንኳኳል። «ሰላም ልልህ ብዬ ነው» ይላል የመጣው። ሰላምታው ሰባት ሰዓት ይጀመርና አስራ አንድ ሰዓት ያልቃል። አፉ ከእኔ ጋር ያወራል፣ ዓይኑ ግን ሪሞቱ ላይ ነው። ትንሽ ዘወር ካልኩ 16 ላይ አድርጎት አገኛለሁ። 16 ላይ ሲሆን ቶሎ የሚበርድ ይመስለዋል። የኔ ዓይነቱ የድሮ ማሽን ግን 24 ላይም 16 ላይም የሚሠራው በአንድ ጉልበት ነው። የሚለየው መቼ እንደሚያርፍ ብቻ ነው። ይህን አንድ ቀን ለእንግዶቼ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። የሂሳብ መምህር መሆኔ ትዝ አላቸውና በትዕግስት አሳለፉኝ።

ሰኔ ላይ ኤሲው ደከመ። ያጉረመርማል እንጂ አያበርድም። ቀጥሎ ሶፋው ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ያን ቀን ቤቴ የሐኪሞች ቦርድ ተሰበሰበ። አንዱ «ቮልቴጅ ነው» አለ። ሌላው «የታይዋን ዕቃ መቼም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። (ለማያውቁ፣ ታይዋን የድሬ ገበያ ነው። ስለ ሩቁ አገር ክፉ አልተናገረም።) እናቴ በስልክ «ዓይን ነው፣ ያ ሁሉ ሰው እየመጣ» አለችኝ። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ቃል ተስማሙ።

«ጋዝ አልቋል!»

የኤሲ በሽታው መቶ ቢሆን ምርመራው አንድ ነው። አልበረደም? ጋዝ አልቋል። ይጮኻል? ጋዝ አልቋል። ሪሞቱ አልሠራ አለ? ባትሪ መሆኑን እያወቀ ጋዝ የሚል አለ። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ማብሰያው ሲሊንደር አንድዶ የሚጨርሱት ነገር አይደለም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ከውጭው ማሽን ወደ ውስጡ፣ ከውስጡ ወደ ውጭው ሲመላለስ ይኖራል። ቱቦው ካላፈሰሰ በቀር የትም አይሄድም። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላለት ኤሲ ወይ ቀዳዳ አለበት፣ ወይ የዋህ ባለቤት አለው።

እኔም የዋህ ነኝና ቴክኒሻን ጋ ደወልኩ። «አብሽር አቦ፣ መጣሁ» አለኝ። ይህ ሰኞ ነው። ማክሰኞም «መጣሁ» አለኝ። ጠዋት ስደውል ሥራ ላይ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫ ነው፣ ጫት ይቃማል፤ ያኔ ቢመረቅን የከተማውን ኤሲ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊጠግን ቃል ይገባል እንጂ ከመከዳው አይነሳም።

ሐሙስ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቆጣሪውን አጥፍቼ ወንበር ላይ ወጣሁ። በስልኬ መብራት ዳንቴሉን ገለጥኩ። የፊት ክዳኑን በሁለት ጎኑ ይዤ ሳብ ሳደርገው እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ተከፈተ። ደነገጥኩ። የሰበርኩት መስሎኝ ነበር። እንደሚከፈት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አከራዬም አያውቁም፤ ስድስት ዓመት ከላዩ አቧራውን በላባ ሲወለውሉ ኖረዋል።

ውስጡ ፊልተር የሚባል ወንፊት አለ። አለ የሚባለው በወሬ ነው እንጂ እኔ ያገኘሁት ጋቢ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብናኝ አለበት። የድመት ፀጉር አለበት። ቡና የሚፈላው ልክ ከሥሩ ስለሆነ የስድስት ዓመት ዕጣን አለበት። ማሽኑ በዚህ ጋቢ ውስጥ ሊተነፍስ ሲታገል ነው የከረመው። አየር ሲያጣ ከኋላ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ በረዶ ጋገረ። ሶፋዬ ላይ ይንጠባጠብ የነበረውም በረዶው እየቀለጠ ነው። አስቡት፤ ድሬዳዋ ላይ፣ በሰኔ፣ ጭንቅላቴ ላይ በረዶ ነበር፤ እኔ ከሥሩ ሽርጥ ለብሼ እቃጠላለሁ።

ሳፋ አመጣሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብ ያለ ላርጎ፣ የጥርስ ብሩሽ። ውሃውን ከጀርባው በኩል ለቀቅኩበት፤ ከፊት ሲለቁበት ቆሻሻው ይብሱን ወንፊቱ ውስጥ ይሰነቀራል። ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ ይላሉ፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ሌሊት ስለነበር በዚህ አልተቸገርኩም።

እስኪደርቅ ስልኬን ስነካካ አንድ ነገር አነበብኩ። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር የዛሬውን ኤሲ አባት የነደፈው በፈረንጆቹ 1902 ነው። ባቡሩ ደርሶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚያው ዓመት ነው። እኩያሞች ናቸው። ታዲያ ሰውየው ያሰበው ለድሬ ሰው አልነበረም፤ ለሰውም አልነበረም። ብሩክሊን ያለ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እያበጠ ቀለም ስላበላሸበት፣ ለወረቀቱ ብሎ ነው። ሽርጤን ሰብሰብ አድርጌ በወረቀት ቀናሁ።

ፊልተሩ በግማሽ ሰዓት ደረቀ። መለስኩት፤ አበራሁት። ሌሊቱን ጋቢ ፈልጌ ተነሳሁ፤ የእውነቱን ጋቢ።

ጠዋት አከራዬ ገቡና በር ላይ ቆሙ። ቅዝቃዜው ፊታቸውን መታው።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ እማማ። አጠብኩት።»

«ኤሌክትሪክ ታጥባለህ? ልጄ፣ ምን ነካህ!»

ወሬው ከቁርስ በፊት አጥር ዘለለ። ጎረቤታችን እትዬ የእሳቸውም እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ። መጥቼ በነፃ ላጥብላቸው አልኩ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ነፃ ባልል ኖሮ ሳያምኑኝ አይቀሩም ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ሂሳብ አይደል እንዴ የምታስተምረው?» አሉኝ። «የኛው ጋዝ ነው ያለቀው።»

ቅዳሜ ያ «መጣሁ» ሲለኝ የከረመው ቴክኒሻን መጣ። እኔ ጋ አይደለም፣ እትዬ ጋ ነው። ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሲገባ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ትንሽ ቆይታ የእትዬ ልጅ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ሳፋ አውሱን ብሏል ሰውየው። ላርጎም ካለ።»

ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቷል። «አየህ? ጋዙን ሞላልኝና ቤቱ በረዶ ሆነልህ! 3,000 ብር ብቻ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው» አሉኝ።

ሳፋው ማታ ተመለሰ። ከሥሩ ግራጫ ጭቃ ይዟል፤ ዕጣን ዕጣን ይሸታል።