በመንገድህ ላይ ነው

ለትምህርት እንግሊዝ አገር የሄደ ሰው አዲስ አበባ ለቀሩት ዘመዶቹ ሁሉ ያለው ለንደን ነው። እኔ የምኖረው ሊድስ ነው። ከለንደን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይርቃል። ይህንን ለአክስቴ በመጀመሪያው ወር ብቻ አራት ጊዜ አስረድቻታለሁ። አራት ጊዜም በትዕግሥት አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «እሺ ልጄ፣ ለንደን ብርዱ እንዴት ነው ታዲያ?» ብላኛለች። በአምስተኛው፣ ለንደን በጣም ይበርዳል ብዬ ተገላገልኩ።

አክስቴ ካርታ ባታውቅም መንገድ ታውቃለች። በእሷ እምነት በዚህ ዓለም ላይ ከመንገዴ የወጣ ከተማ የለም። በጥቅምት ወር አንድ ተማሪ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሦስት ኪሎ በርበሬ አስይዛ ላከችብኝ። ላከችልኝ አላልኩም። በርበሬው ስሎው ለምትኖር ለጎረቤቷ ልጅ ነው። «ቅዳሜና እሑድ ትምህርት የለህም አይደል? ጣል አድርግላት፤ በመንገድህ ላይ ነው» አለችኝ። ስሎው ከለንደንም አልፎ በስተምዕራብ ነው።

በርበሬው በፌስታል፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል፣ እሱ ደግሞ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ታስሯል። እንዲህም ሆኖ አልተቻለም። ለሦስት ሳምንት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቢቀመጥ ሹራቦቼ በሙሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ማለት ጀመሩ። ቤተ መጻሕፍት አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ቻይናዊት ተማሪ ገና በጠዋቱ «ዛሬ ምን ሆኜ ነው የሚርበኝ?» እያለች መነሣት አበዛች። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

መቼም ይህን አደራ ሳላደርስ እንቅልፍ እንደማይኖር ሲገባኝ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሑድን ወደ ደቡብ ለመጓዝ ተማከርን። እዚህ አገር ግን መጓዝ ማለት መነሣትና መሄድ አይደለም። የባቡር ዋጋ እንደ ገበያ ቲማቲም ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት ትኬት የቆረጠ ሰው በዕለቱ ከቆረጠው ሰው ጎን፣ ያንኑ ዓይነት ወንበር ላይ፣ በሦስትና በአራት እጥፍ በረከሰ ዋጋ ተቀምጦ ሻይውን ይጠጣል። እኛ ከስድስት ሳምንት በፊት የሚታሰብበት ነገር ሠርግ ብቻ ነው ተብለን ያደግን ልጆች ነን። ሠርግም ቢሆን ድንኳኑ የሚፈለገው ሐሙስ ዕለት ነው።

ደግነቱ ካርድ አለን። ካርዱ ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን ከትኬቱ ዋጋ ሲሶውን ያስቀንሳል። ዕድሜው ከዚያ ያለፈ ሰውም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ያገኘዋል። እኔ 38 ዓመቴ ነው። አገሬ ላይ የታክሲ ረዳት «አባት፣ ጠጋ በል» ማለት ከጀመረኝ ቆይቷል፤ አናቴም መስክሯል። ትኬት ተቆጣጣሪው ካርዱን አየ፣ አናቴን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ። የእኛ አገር ሰው ቢሆን አንድ ነገር ይለኝ ነበር። እሱ ግን እንግሊዛዊ ነውና «መልካም ጉዞ» ብሎ አለፈ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ከጓደኞቼ አንዱ የጅማ ልጅ ነው፤ የሚያጠናው የውኃ ምሕንድስና ቢሆንም እውነተኛ ሙያው ትኬት መበለት ሆኗል። ከሊድስ ለንደን አንድ ሙሉ ትኬት ከመቁረጥ፣ ከሊድስ ዶንካስተር፣ ከዶንካስተር ፒተርቦሮ፣ ከፒተርቦሮ ለንደን ብሎ መቁረጡ ይረክሳል። ባቡሩ ያው ነው፣ ወንበሩም ያው ነው። ባቡሩ በእነዚያ ጣቢያዎች ይቁም እንጂ አንተ ከተቀመጥክበት ንቅንቅ ማለት አይጠበቅብህም። ይህንን ነገር ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ትምህርት አይረዳም፤ ቅርጫ ማወቅ ይረዳል። ልዩነቱ፣ እዚህ በሬውን ብቻህን እየበላህ በመደብ በመደብ ትገዛዋለህ። አራታችን አሥራ ሁለት ትኬት ይዘን ተሳፈርን። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ዘረጋንለት።

ርካሹ ወንበር የተገኘው ግን ጸጥታ በሚከበርበት ፉርጎ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ፉርጎ መኖሩን ያወቅሁት ስልኬ ሲጮህ ነው። አክስቴ ነበረች።

«ለንደን ደረስክ?»

«ገና ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምነው ድምፅህ? አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ጸጥታ የሚከበርበት ፉርጎ ውስጥ ነኝ።»

«ለቅሶ ነው?»

«አይደለም፣ ባቡር ነው።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው ዝም የምትሉት?»

መልስ አልነበረኝም። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ከመጽሐፋቸው ላይ ቅንድባቸውን ብቻ ቀና አደረጉ። እንግሊዝ አገር ይህ ከፍተኛው ቅጣት ነው። እንደታዘብኩት ከሆነ እዚህ አገር ብዙ ኃጢአት ይሰረያል፤ ሌላውን ሰው መረበሽ ግን ንስሐም የለው። ጓደኛችን የነርስነት ተማሪዋ በአይስክሬም ዕቃ የያዘችውን ፍርፍር ስትከፍት እንኳ ክዳኑ እንዳይንኳኳ በነጠላዋ ሸፍና ነው። ድምፁን ሸፈነችው። ሽታውን ምን ታድርገው?

ቅዳሜን ለንደን ዋልን። የምናውቀው ሰው ወለል ላይ አራት ሆነን ስላደርንበት ሌሊት የምለው የለኝም፤ ወገቤ ግን ብዙ ይላል። ብሪቲሽ ሙዚየም ስንገባ መግቢያው ነጻ ነው ተባልን። የጅማው ልጅ፣ «እኛ በ1860 ከፍለናል» አለ፣ የመቅደላን ዘመቻ በእኛ አቆጣጠር ጠቅሶ። ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዙ 11 ታቦታት በሙዚየሙ ማስቀመጫ ውስጥ አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ታቦት በተራ ሰው አይታይም የሚለውን ሥርዓታችንን እንዲህ አጥብቀው መያዛቸው ያስመሰግናቸዋል። የቀራቸው መመለሱ ብቻ ነው።

እሑድ ከፓዲንግተን ተነሥተን ስሎው ደረስን። ተቀባይዋ ግን አረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ስለሆነች እስከ ማታ ቤት የለችም። የነርስነት ተማሪዋ «እንግዲያው ዊንድዘር እንሂድ» አለች። የእንግሊዝ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ያለበት ከተማ ነው፤ ከስሎው በትንሿ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ነው። ያኔ ነው የገባኝ፦ ወደ ዊንድዘር ለሚሄድ ሰው ስሎው መንገድ ላይ ነው። አክስቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በካርታም ልክ ሆነች።

ልጅቱ ዊንድዘርን ያነሣችው በቤተ መንግሥቱ ጓጉታ አይደለም። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እዚያ ተቀብሯል። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞቱበት። ቼልተንሃም ትምህርት ቤት ተማረ፣ ራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አንዱም አልሆነለትም። በመጨረሻ መምህር ቤት ተቀምጦ እንዲማር ሊድስ ተላከ። ኅዳር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። የሞተበት ሰፈር ሄዲንግሊ ይባላል። እኔ በየሳምንቱ ኪራይ የምከፍልበት ሰፈር ነው። ሰውዬው ሳምባውን ታሞ ሞተ ሲሉኝ አልገረመኝም። የሊድስን ኅዳር አውቀዋለሁ፤ በእኛ ቤት ማሞቂያ የሚበራው አከራያችን ደስ ሲለው ነው።

ዊንድዘር በር ላይ ሁለት ዜና ጠበቀን። አንደኛው፣ የቤተ መንግሥቱ የዕለት ትኬት ከ30 ፓውንድ በላይ ነው፤ እንደ ቅርጫም አይከፋፈልም። ሁለተኛው፣ ልዑሉ ያለበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ልንመለስ ስንል አንዲት አስተናጋጅ፣ «ለጸሎት ከሆነ ግን ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም» አለችን።

እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን ሁለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበርተኞች ናቸው፤ እነሱስ ምንም አይሉም። የጅማው ልጅ ግን ሙስሊም ነው።

«እኔ ምን ልበል?» አለ።

«ለቅሶ ልደርስ ነው በል።»

«እሱማ እውነት ነው» ብሎ ቀድሞን ተሰለፈ።

ፍተሻው ጋ ስንደርስ ዘበኛው ቦርሳዬን አስከፈተኝ። ከውስጥ በፕላስተር የተገነዘ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ነገር ወጣ። በአክብሮት ፈቃዴን ጠይቆ ፕላስተሩን ልጦ፣ ነጠላውን ገልጦ፣ የመጀመሪያውን ፌስታል ቀደደ።

«ምንድን ነው ይቅርታ?»

«ቅመም ነው።»

«ያቃጥላል?»

«ትንሽ» አልኩት። አንድ ዓመት ያህል እዚህ አገር መኖሬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህች ቃል ናት።

ጠጋ ብሎ አሸተተ። ሦስት ጊዜ አስነጠሰው፤ ሦስት ጊዜም እኛን ይቅርታ ጠየቀን። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ደስ የሚል ነው» ብሎ አሳለፈን።

ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ውጭው ጨልሟል። ጸሎቱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሕፃናቱ ሲዘምሩ ድምፃቸው እዚያ ከፍተኛ ጣሪያ ላይ ደርሶ ይመለሳል። የተቀደደው ፌስታል እግሬ ሥር ነው። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ሽታው ተነሣ፤ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ድንጋይ የፋሲካ ዋዜማ ጓዳ መሰለ። ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ ጎንበስ ብለው፣ «እንዴት ያለ ሽታ ነው! የእናንተ አገር ዕጣን ነው?» አሉ። የጅማው ልጅ ሳያቅማማ «አዎ» አላቸው።

ሕዝቡ ሲወጣ አስተናጋጁን ጠይቀን የነሐስ ጽሑፉ ጋ ደረስን። ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጠችው ነው። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በዚህ አቅራቢያ ተቀብሯል ይላል፤ ከሥሩ ከወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ።»

የነርስነት ተማሪዋ ደጋግማ አነበበችው። «ማን እንደጠራው ግን አልጻፉም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «እኛን ሲቀበሉን ለጤና ብቻ በዓመት 776 ፓውንድ አስከፍለውናል» አለች። አልሳቅንም፤ ቆይቶ ነው ያሳቀን።

አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ተደጋግሞ ተጠይቋል። ቤተ መንግሥቱ በ2023 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ብዙ ሰዎች ሳይረብሹ ማውጣት መቻሉ እጅግ ያጠራጥራል የሚል ነበር። ይህን ለጅማው ልጅ ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጸጥታ በሚከበርበት ፉርጎ ውስጥ ነዋ ያስቀመጡት» አለ። እኔም የመለስኩለት በሹክሹክታ ነው።

ማታ ስሎው ስንደርስ ተቀባይዋ በርበሬውን በእጇ መዘን መዘን አደረገችና፣ «ተከፍቷል» አለች። የንጉሡ ዘበኛ ነው የከፈተው ብንላት አላመነችንም። ሻይ አፍልታልን ሳለ ስልኬ ጮኸ። እዚህ ጮክ ብሎ ማውራት ይፈቀዳል።

«አደረስክ?» አለች አክስቴ።

«አደረስኩ።»

«በመንገድህ ላይ ነው ብዬህ አልነበር?»

«ልክ ነሽ። ዊንድዘርም ደርሰን መጣን።»

«እዚያ ደግሞ ማን አለ?»

«የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ። እዚያ ነው የተቀበረው።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ሰዓቱን አየሁት፤ ሴኮንዱ ይቆጥራል።

«ታዲያ ባዶ እጃችሁን ነው የሄዳችሁት?» አለችኝ።

«ኧረ በርበሬ ይዘን ነበር።»