ማስተካከያ፦ «ሌላ የት አመልክተሃል?» ስለሚለው ጥያቄ

ሰሞኑን ለአሜሪካ ኮሌጆች በሚያመለክቱ የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ዘንድ አንድ ምክር በቴሌግራም ሲዞር ነበር። ቡሬና ፍኖተ ሰላምም ደርሷል። «ኮሌጆቹ በማመልከቻው ቅጽ ላይ ሌላ የት አመልክታችኋል ሲሏችሁ ‹የትም› በሉ፤ ታማኝ ትመስላላችሁ» ይላል። ልክ አይደለም።

ማመልከቻውን ስትልኩ የሞላችሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማችሁ ታረጋግጣላችሁ። ውሸት ከተገኘበት የተሰጠ ቅበላም ሊሰረዝ ይችላል። ደግሞስ ማን ያምናችኋል? በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ኮሌጆች በሚላክበት ድረ ገጽ፣ በኮመን አፕ፣ ብቻ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል፤ ጠያቂዎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ልብ ብላችሁ እዩት። ያቺ የግዴታ ምልክት፣ ቀይዋ ኮከብ፣ አጠገቡ ከሌለች ባዶውን እለፉት። ካለች እውነቱን ጻፉ። ሁሉንም ዘርዝሩ ካልተባላችሁ ሁለት ሦስት መጥቀስ ይበቃል። ሳትጠየቁ በምርጫ ቅደም ተከተል አትደርድሩ።

«ኮሌጆቹ ዝርዝራችሁን ያዩታል» የተባለውም ስህተት ነው። ኮመን አፕ ለአንዱ ኮሌጅ ማመልከታችሁን ለሌላው አያሳይም።

ኧርሊ ዲሲዥን፣ ማለትም ከተቀበሏችሁ እንደምትገቡ ቃል ገብታችሁ ቀድማችሁ የምታመለክቱበት መንገድ፣ ግን ቀልድ አያውቅም። በዚህ መንገድ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ አመልካቹ፣ ወላጅና የትምህርት ቤት አማካሪ ይፈርሙበታል። ከተቀበሏችሁ የሌሎቹን ማመልከቻ ታነሳላችሁ። የሰጧችሁ የገንዘብ ድጋፍ ካልበቃ ግን ከውሉ እንዲለቋችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።